ማን ጋ ልታሽ? ጅማ ላይ ለእርስዎ የሚሆን የማሳጅ ባለሙያ አመራረጥ

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ጥቅምት ገብቶ ቡና መድረስ ሲጀምር ስልኬ የሚጮኸው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ «እባክህ ጥሩ የሚያሽ ሰው ጠቁመኝ።» 60 ኪሎ ጆንያ ሲጭንና ሲያወርድ የዋለው ይጠይቀኛል። አቀርቅራ የቡና ፍሬ ስትለይ የዋለችውም ትጠይቀኛለች። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሪ ጨብጦ የመጣው ሾፌርም እንዲሁ። የቀረውን ዓመት ደግሞ ተራው የቢሮ ሰዎችና የልብስ ሰፊዎች ነው። ስም ጠርቼ ብገላገል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ለሾፌሩ ወገብ መድኃኒት የሆነ እጅ የእናቱን ጉልበት ሊያሳብጥ ይችላል። ስለዚህ ስሙን ትቼ አመራረጡን እጽፋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወረቀትና እስክሪብቶ፤ ሕመሙ የት እንደሆነ፣ ከመቼ እንደጀመረ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚብስ ይጽፉበታል።
- የሚወስዱት መድኃኒት በሙሉ፣ ካርቶኑ ወይም በስልክ የተነሳ ፎቶው። «ነጯ ክኒን» ማለት ለማንም አይጠቅምም።
- በዚያው ሳምንት የተለካ የደም ግፊት።
- የልብስ ሰፊ ሜትር። ለምን እንደሆነ ደረጃ 2 ላይ ያዩታል።
- ከዚህ በፊት ራጅ ወይም ኤምአርአይ ተነስተው ከሆነ ውጤቱ።
- የራስዎ ፎጣና አንድ ነጠላ።
- ቆዳዎ በቀላሉ የሚቆጣ ከሆነ የለመዱት ቅባት በትንሽ ጠርሙስ።

ደረጃ 1፦ የፈለጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«መታሸት እፈልጋለሁ» አይበቃም። «ሥራ ደክሞኛል፣ ሰውነቴ እንዲፍታታ እፈልጋለሁ» ካሉ የሚሆንዎት ረጋ ያለ፣ ሙሉ ሰውነት የሚዳስስ ማሳጅ ነው፤ ማሳጅ ቤቶች ስዊድሽ ይሉታል። «ከቀኝ ትከሻዬ ጀርባ የተቋጠረ ቦታ አለ፣ ስጫነው ወደ አንገቴ ይስበኛል» ካሉ ጠንከር ያለ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚቆይ እጅ ያስፈልግዎታል። ይህ ዲፕ ቲሹ ወይም ስፖርት ማሳጅ የሚባለው ነው፤ የጡንቻን አቀማመጥ የማያውቅ ሰው ሊሠራው አይገባም። «ወድቄ ነው»፣ «ከቀዶ ጥገና በኋላ ነው»፣ «እግሬን ያደነዝዘኛል» ካሉ ግን ጉዳይዎ ከማሳጅ ቤት ወጥቷል። ሐኪም ያይዎት፤ ከዚያም ፊዚዮቴራፒ።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? አብዛኛው ቅሬታ የሚመነጨው ከባለሙያው ድክመት ሳይሆን ካለመገጣጠም ነው። ለመዝናናት የሄደ ሰው ክርን ሲያርፍበት ይጮኻል፤ ለተቋጠረ ጡንቻ የሄደው ደግሞ «ዳበሱኝ እንጂ አላሹኝም» ብሎ ይወጣል።

ወጌሻን በተመለከተ፤ ኳስ ሜዳ ላይ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውንም፣ መንደር ውስጥ ውልቃት የሚመልሱትን አባትም በአንድ ቃል ስለምንጠራቸው ሰው ይምታታበታል። ወድቀው ያበጠ፣ ቅርጹ የተለወጠ ወይም ሊረግጡበት የማይችሉት እግር ካለ ከማንኛውም እጅ በፊት ራጅ ይነሱ። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ከቦታው ይንሸራተታል። በሽምብቆና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ የደም ዝውውርን ያቆማል፤ ከታሰረው በታች ያሉት ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማታም ቢሆን ይፍቱትና ሆስፒታል ይሂዱ። በተለይ በልጆች ላይ እጅና እግር እስከማስቆረጥ ደርሷል።

ደረጃ 2፦ መታሸት የሌለበት ሕመም አለመሆኑን ያረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ብዙ ነው፤ እኔም ብዙ የምጽፍበት እሱን ነው።

አምና አንድ የማውቀው ጫኝና አውራጅ «ባቴ ተሳስሯል፣ አንዴ ፍታልኝ» ብሎ መጣ። ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ሲቀመጥ የግራው ባት ከቀኙ ገዝፏል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ከጉልበት ሎሚ በታች ካለችው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርጄ ሁለቱንም በሜትር ለካሁ። ልዩነቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነበር። የእጄን ጀርባ ሳስጠጋው ይሞቃል። አላሸሁትም። ባጃጅ አስጠርቼ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ላክሁት። የረጋ ደም ነበር። በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም በእሽታ ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል፤ ሰው ይገድላል።

እርስዎም ቤትዎ እንዲሁ ይለኩ። አንደኛው ባት ከሌላው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከገዘፈ፣ ወይም ልዩነቱ ትንሽም ቢሆን አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ ማንም እንዳይነካው። ረጅም መንገድ ተቀምጠው የመጡ፣ በቅርቡ የወለዱ፣ ቀዶ ጥገና የተደረጉ ወይም አልጋ ላይ የሰነበቱ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጠርጥሩ።

ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃትዎ፣ መቀመጫዎና የታፋዎ ውስጠኛ ክፍል ከደነዘዘ፣ እግርዎ ከከዳዎት ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ነርቭ እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል፣ ሰዓቱም ይቆጠራል። የወገብ ወይም የጀርባ ሕመም ሆኖ ማታ ማታ የሚያልብዎት፣ የሚያተኩስዎት፣ ክብደት የሚቀንሱ ከሆነም ይመርመሩ። የሳንባ ብቻ የሚመስለን ቲቢ አከርካሪንም ይበላል፤ የተበላ አከርካሪ ላይ የሚጫን ክርን ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

በሐኪም ፈቃድ ብቻ የሚታሹም አሉ። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ (በቀላሉ ይበልዛሉ)፣ ግፊታቸው ያልተስተካከለ፣ አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ። የስኳር ሕመምተኛ የእግሩ ስሜት ቀንሶ ሊሆን ስለሚችል «አመመኝ» የሚልበት ማስጠንቀቂያ ይጠፋዋል፤ ኢንሱሊን የተወጋበት ቦታም በዚያው ሰሞን መታሸት የለበትም፣ መድኃኒቱን ያፈጥነዋልና። ትኩሳት፣ ክፍት ቁስል፣ ጭርት ወይም እከክ ካለዎት እስኪድን ይቆዩ።

ወለምታስ? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አይታሽም። ውስጥ የተበጠሰው ገና እየደማ ነው፣ እሽታ እብጠቱን ይጨምራል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ደቂቃ ያህል እያሳረፉ ያድርጉበት፣ እግርዎን ከፍ አድርገው ያሳርፉ።

ደረጃ 3፦ ስም ሲሰበስቡ «ለምን ሄድክ?» ብለው ይጠይቁ

ቡና ላይ «እገሌ ጋ ሂጂ፣ እጁ ተአምር ነው» የምትል ጎረቤት አትጠፋም። ምን አሟት እንደሄደች፣ ስንት ጊዜ እንደታሸችና ለውጡ ስንት ቀን እንደቆየ ይጠይቋት። ለድካም ሄዳ ከሆነና እርስዎ የዲስክ (የአከርካሪ) ሕመም ካለብዎ ምስክርነቷ አይሠራም። ሁለት ወይም ሦስት ስም ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ይደውሉ፤ ከመልሱ ይልቅ የሚጠየቁትን ያዳምጡ

«ጤና ይስጥልኝ፤ ማጅራቴን አሞኛል፣ ግፊትም አለብኝ። ታሻላችሁ?» ይበሉ፤ ከዚያ ዝም ይበሉ።

ጥሩው ባለሙያ ይጠይቅዎታል፤ «ግፊቱ ሲለካ ስንት ነው? መድኃኒት ጀምረዋል? ሕመሙ ወደ እጅ ይወርዳል?» መጥፎው «ችግር የለውም፣ ኑ ብቻ» ይላል። ሰውየውን ሳያውቅ «ችግር የለውም» የሚል ሰው አልጋው ላይም ሲያምዎ ያንኑ ነው የሚልዎ። አሥር ዓመት ስመለከት ከዚህ የተሻለ መለያ አላገኘሁም።

ከዚያ እነዚህን ይጨምሩ፦

ዋጋው ለስንት ደቂቃ ነው? ስቲምና ሻወሩ ከሰዓቱ ይቀነሳል? (አንዳንድ ቦታ «አንድ ሰዓት» ሲሉ እጅ ሰውነትዎን የሚነካው 40 ደቂቃ ብቻ ነው።)

የሚያሸኝ ሰው ማን ነው? ሥልጠናው የት፣ ለስንት ጊዜ ነው? ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምስክር ወረቀት የባለቤቱ ሆኖ፣ እጁ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት የተቀጠረች ልጅ ይሆናል። በስም ይጠይቁ። የንግድ ፈቃድ መኖሩ ቤቱ መመዝገቡን እንጂ እጁ መሠልጠኑን አያሳይም። ፊዚዮቴራፒ እንሰጣለን ካሉ ደግሞ የባለሙያው የጤና ሙያ ፈቃድ ሊኖርና ሊታይ ይገባል።

«ስኳር እናድናለን»፣ «መካንነት እንፈታለን»፣ «ዲስክ በአንድ ቀን እንመልሳለን» ካሉዎት ስልኩን ይዝጉት።

ደረጃ 5፦ ሳይቀጠሩ ሄደው ቦታውን ይዩ

ሥራ ከወጡ በኋላ፣ ወይም ሐሙስ ገበያ ወጥተው ሲመለሱ ጎራ ይበሉ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሚያዩት ይህን ነው፦ አንሶላው ሰው በተነሳ ቁጥር ይለወጣል? ፎጣው ምን ይሸታል? ክረምት ላይ ጅማ ፎጣ ውጭ ተሰጥቶ አይደርቅም፤ የረጠበ ሽታ ካለው ከእርስዎ በፊት ማን እንደተጠቀለለበት አይታወቅም፣ ጭርትም በፎጣ ይጋባል። ቅባቱ እየተጨመቀ የሚወጣበት ጠርሙስ ውስጥ ነው ወይስ ሁሉም ጣቱን የሚነክርበት ሰፊ ጣሳ ውስጥ? መታጠቢያ አለ? የባለሙያው ጥፍርስ? ረጅም ጥፍር ያለው ሰው በጣቱ ሊሠራ አይችልም፤ ወይ ይቧጭርዎታል ወይ በመዳፉ ብቻ ያልፍዎታል።

በሩንም ይዩት። ከውስጥ በባለሙያው ቁልፍ የሚቆለፍ ክፍል ውስጥ አይግቡ። መጋረጃ ወይም ያልተቆለፈ በር በቂ ነው። የዋጋ ዝርዝር ሳይኖር በሹክሹክታ «ልዩ አገልግሎት» የሚሉ ካሉ ወደ ሌላ ቤት ይሂዱ።

ደረጃ 6፦ ስለ ጾታ፣ ስለ ልብስና ስለ መሸፈኛ አስቀድመው ይስማሙ

ሴት በሴት፣ ወንድ በወንድ ካልሆነ አልታሽም ማለት ሙሉ መብትዎ ነው፤ ጅማ ላይ የተለመደ ጥያቄ ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሂጃብ ሳይወልቅ፣ ልብስ ሳይወልቅ የሚሠራ እሽታም አለ፤ ያለ ቅባት በልብስ ላይ በመጫንና በመሳብ ይሠራል፣ ለትከሻና ለማጅራት በቂ ነው።

ልብስ የሚያወልቁ ከሆነ ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ባለሙያው ከክፍሉ ይወጣል፣ እርስዎ የተመቸዎትን ያህል አውልቀው አንሶላ ስር ይገባሉ፣ እሱ አንኳኩቶ ይመለሳል፣ የሚሠራበትን ቦታ ብቻ ገልጦ ሲጨርስ ይሸፍናል። ጡትና ብልት አካባቢ አይነካም። ይህን ሲጠይቁ የሚስቅ ወይም «እኛ እንደ ሐኪም ነን» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ያ ቤት አይሆንዎትም። የነጠላው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የቤቱ መሸፈኛ ቢያጥር የራስዎን ይለብሳሉ። እህት ወይም ጓደኛ ይዘው ቢገቡም ነውር የለውም።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ ለ30 ደቂቃ ብቻ ይሁን

የ10 ጊዜ ፓኬጅ በቅናሽ ቢያቀርቡልዎም አይክፈሉ፤ እጁን ገና አልሞከሩትም።

ጠግበው አይሂዱ፤ ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ፣ ሆድ ሞልቶ በደረት መተኛት ይጨንቃል። በረመዳን ከሆነ ከኢፍጣር በኋላ ይያዙ፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ ስቲም ገብቶ መታሸት ያዞራል። ጫት ቅመው በምርቃና አይሂዱ። ልብ ይመታል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ሰውነትም አይፈታም፣ የሚለካው ግፊትም የወትሮው ግፊትዎ አይሆንም። አልጋው ላይ ሆኖ ወሬ የሚያበዛውን ደንበኛ ሁሉም ባለሙያ ያውቀዋል።

አዲስ ቅባት ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ትንሽ ጠብታ ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብተው ያሳድሩት። ካሳከከ ወይም ከቀላ የራስዎን ይዘው ይሂዱ። ሰሊጥ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማዎት ከሆነ ዘይቱ ከምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ይፈትኑት

አልጋው ላይ ከመውጣትዎ በፊት የጻፉትን ወረቀት ይስጡት። አንብቦ ጥያቄ ጠየቀ? ቆመው እንዲያጎነብሱ፣ አንገትዎን እንዲያዞሩ አደረገ? ወይስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ «ይተኙ» አለ?

እሽታው ሲጀመር ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይቁጠሩት። 5 ወይም 6 ላይ ያማል ግን ይተነፈሳል፤ 7 ሲደርስ ሳያውቁት ትንፋሽዎን ይይዛሉ፣ ጡንቻውም ተመልሶ ይኮማተራል፣ ድካሙ ሁሉ በከንቱ ይሆናል። 7 ሳይደርስ «ቀስ» ይበሉ፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀናው ከሆነ «ሱታ» ይበሉት። ፈተናው ያለው እዚህ ነው። ወዲያው ያላላልዎት ሰው ይሆንዎታል። «ቻለው፣ ካላመመ አይድንም» ያለዎት አይሆንዎትም፤ ተነስተው ይሂዱ። ሒሳቡን ከፍለው መውጣት ከአራት ቀን የማጅራት ሕመም ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ሁለት ቀን ይጠብቁና ይወስኑ

ሲነሱ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ አንድ ደቂቃ ቆይተው ይቁሙ። ግፊት ዝቅ ስለሚል ብድግ ያለ ሰው ይወድቃል፤ ባጃጅ ወይም ሞተር የሚነዱ ከሆነ ሩብ ሰዓት አርፈው ይውጡ።

ጠንካራ እሽታ ከሆነ እስከ ሁለት ቀን ድረስ የሥራ ድካም የሚመስል ሕመም ያለ ነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ያውጡና ያወዳድሩ፤ ሲያጎነብሱ የሚይዝዎት ነገር ቀንሷል? እንቅልፍዎስ? ከቀነሰ ይቀጥሉ። ከባሰ፣ ከበለዘ ወይም አዲስ መደንዘዝ ከመጣ እዚያ እጅ ላይ አይመለሱ።

ተደጋግመው የሚሠሩ ስሕተቶች

በዋጋ መምረጥ። ርካሹም ውዱም ሊያበላሽ ይችላል፤ ግድግዳው ላይ ያለው መብራትና የሙዚቃው ድምፅ ጡንቻ አያውቁም።

በጉልበት መምረጥ። «እጁ ብረት ነው» የሚባለውን ሰው ሁሉም ይፈልገዋል። የሚፈለገው ግን ቦታውን የሚያገኝ እጅ ነው፤ ቀጫጭን ልጆች ከግዙፎቹ አስበልጠው ሲሠሩ አይቻለሁ።

ሕመምን መደበቅ፣ በተለይ እርግዝናን። ነፍሰ ጡር ብትታሽ በጎኗ ተኝታ፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አድርጋ፣ የእርግዝና እሽታ በሠለጠነ ሰውና የሚከታተላት ሐኪም ሲፈቅድ ነው። አራስ ቤት በቅቤ ማሸት የቆየ ልማድ ነው፤ በቀዶ ጥገና የወለደች ከሆነ ግን ሆዷ ላይ ያለው ስፌት ሐኪም ሳይፈቅድ አይነካም፣ ባቷ ካበጠም ደረጃ 2ን ይመልከቱ።

«ቆሻሻ ከሰውነት ይወጣል» የሚለውን ማመን። ያን የሚሠሩት ኩላሊትና ጉበት ናቸው። ከታሹ በኋላ ውኃ ይጠጡ፣ ግን ስለጠማዎት እንጂ መርዝ ስለሚያጥቡ አይደለም።

ወዲያው የሚያስቆሙ ነገሮች

አንገትዎን ይዞ ሊያስጮኸው ከተዘጋጀ እጁን ይያዙት። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ከተላጨሁ በኋላ ልጁ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ጨብጦ ድንገት ጠመዘዘው፤ ድምፁ ደስ ይላል፣ ማታ ግን ክፍሉ ዞረብኝ፣ አራት ቀን ወደ ግራ መዞር አልቻልኩም። ዕድለኛ ነበርኩ። በአንገት ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ቧንቧዎች አሉ፤ በድንገተኛ ጥምዘዛ ግድግዳቸው ሊቀደድና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ከጥምዘዛ በኋላ ኃይለኛ የራስ ምታት፣ መንተባተብ፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ከመጣ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ቤት አይሂዱ።

ከእሽታ በኋላ የደረት ውጋትና የትንፋሽ እጥረት ካለም እንዲሁ፤ የረጋ ደም ከእግር ተነቅሎ ሳንባ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ባልተስማሙበት ቦታ እጅ ካረፈ «በቃ» ብለው ይነሱ። ምክንያት መስጠት አይጠበቅብዎትም። ድርጊቱ ሆን ተብሎ ከሆነ ሰዓቱን፣ የክፍሉን ሁኔታና የተባለውን ቃል በስልክዎ ጽፈው በዚያው ዕለት ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ካደረ ዝርዝሩ ይጠፋል።

ሦስት ጊዜ ታሽተው ለውጡ በየጊዜው ከሁለት ቀን በላይ ካልቆየ ደግሞ አራተኛውን ቀጠሮ አይያዙ። የሚሸከሙበት፣ የሚቀመጡበት ወይም የሚተኙበት ነገር ነው መልሶ የሚያስረው። የአራተኛውን ቀጠሮ ገንዘብ ይዘው ፊዚዮቴራፒ ይምጡ፤ ቁጭ ብለው ቡና የሚለዩ ከሆኑ ግን መጀመሪያ የሚቀመጡበትን በርጩማ ከፍታ ለክተው ቢመጡ ግማሹን ሥራ ሠርተውልኛል ማለት ነው።